የነጠፈ እሳት

ኤዲሪን የተቀጣችው በእኔ አፍ ነው። ይህን ከመጀመሪያው ልናገረውና ይውጣልኝ፤ ኦቶሬ ውስጥ የማያውቅ ስለሌለ ብደብቀውም ትርፉ ድካም ነው።

መንደራችን ኦቶሬ ከጋዙ እሳት አጠገብ ናት። ነዳጅ ከጉድጓዱ ሲወጣ አብሮት ጋዝ ይወጣል፤ ኩባንያው ጋዙን ስለማይፈልገው ከመንደሩ ጫፍ፣ ዙሪያውን በአፈር ጉብታ በተከበበ ስፍራ ያቃጥለዋል። እኔ ስወለድ ይነድ ነበር። ስዳርም፣ ስወልድም፣ ባሌን ስቀብርም ይነድ ነበር። ድምፁ ጆሮ ስለሚደፍን እኛ ኦቶሬዎች ስናወራ እንጮሃለን፤ ሌላ አገር ስንሄድ የተጣላን እየመሰላቸው ሊገላግሉን ይመጣሉ።

እኛ ሴቶች በዚያ እሳት ክፖክፖ፣ የካሳቫ ቂጣ፣ እናደርቅ ነበር። ካሳቫውን ልጠን፣ ፈቅፍቀን፣ ጆንያ ውስጥ ከትተን ድንጋይ እንጭንበታለን። ውሃው ጠፍፎ ሲያልቅ በእጃችን እየጠፈጠፍን በሰሌን ላይ ዘርግተን ጉብታው ላይ እንደረድረዋለን። ጠዋት ያስቀመጥነውን ማታ ጥርስ የሚሰብር ሆኖ እናነሳዋለን፤ ጥሩ ክፖክፖ ማለት ደግሞ እሱ ነው፣ ከኮኮነት ጋር ሲቆረጠም። ዝናብ ቢመጣ ግድ አልነበረንም፤ ጠብታው ሰሌኑን ሳይነካ ይተን ነበር። የሌላ አገር ሴቶች ወደ ሰማይ አንጋጠው «ዛሬ ይጥል ይሆን?» ሲሉ እንስቅባቸው ነበር።

እሳቱን እንወደው ነበር እንዳልል ውሸት ይሆንብኛል። የቆርቆሮ ጣራችን ሦስት ዓመት አይቆይም፣ የሚዘንበው ውሃ ይበላዋል። የልጆቻችን ሳል አይለቅም። ጉብታው ላይ ከሁላችን በፊት የተቀመጡት እማ ኦሞኒጎ ቅንድባቸው ካለቀ ሃያ ዓመቱ ነው። እንረግመው ነበር። ረግመን ስንጨርስ ሰሌናችንን ይዘን ወደዚያው እንሄድ ነበር።

ጉብታው ላይ እንደ ልብ መቀመጥ የለም። ቦታው ሁሉ የእማ ኦሞኒጎ ነው፤ ከአማታቸው ነው የወረሱት፣ በእሳቱ ፊት መጀመሪያ ሰሌን የዘረጉት ሴት አማቲቱ ነበሩና። ቦታ የምትፈልግ ሴት ካሳቫዋን በሳፋ ተሸክማ ትመጣለች፣ ትንበረከካለች፣ «ሚግዎ» ትላለች። ተንበርክኬያለሁ ማለት ነው። ባለቦታዋ «ቭሬንዶ»፣ ተነሺ፣ ካለች ቦታው ተሰጠ። ዝም ካለች ሳፋን ተሸክሞ መመለስ ነው። በሌላው ነገር ሁሉ እኛ ዘንድ የሚንበረከከው ታናሽ ለታላቅ ነው። በእሳቱ ዳር ግን ዕድሜ አይቆጠርም፤ የምትለምነው ትንበረከካለች፣ ያላት ትቀመጣለች። ይህን ሕግ ያወጡት የእማ ኦሞኒጎ አማት ናቸው። የባላቸው ታላቅ እህት መከራ ያሳዩአቸው ስለነበር እንዴትም ብለው አንድ ቀን ሊያንበረክኳቸው ፈልገው ነው ይባላል። አንበረከኳቸውም አሉ።

ኤዲሪን ወደ እኛ የተዳረችው ከቅጣቷ አራት ዓመት በፊት ነው። እሳት ከሌለበት አገር ነው የመጣችው፣ ከወንዙ ማዶ። ከመዳሯ በፊት በአንድ የእርሻ ትምህርት ቤት ወጥ ቤት ትሠራ ነበር። ጎበዝ ናት፣ ግን ዝም ብላ ነገር የምታይ ዓይነት ሴት ናት፤ እኔ ደግሞ ዝም ብሎ የሚያይ ሰው ደስ አይለኝም። የጉብታው ሴቶች ማኅበር አፈ ጉባኤ እኔ ነበርኩ። ሥራዬ መናገር ነው።

በተቀጣችበት ዓመት ክረምቱ ሊገባ ሲል አንዲት የገበያ ደንበኛችን ክፖክፖ መልሳ አመጣች። ሰብራ አሳየችን፣ ውስጡ ሻግቷል። በሚቀጥለው ገበያ ሦስት ሴቶች መለሱ። ገበያችን በየአራት ቀኑ ስለሆነ ወሬ ለመድረስ ጊዜ አይፈጅበትም፤ «የኦቶሬ ክፖክፖ እርጥብ ነው» ተባለ። እንዲህ ያለ ስም ወጥቶብን አያውቅም። ጉብታው ሥር ተሰበሰብን።

«በደንብ ያልጨመቀች አለች» አልኩ። «ውሃውን ሳታጠፍፍ ተቻኩላ የጠፈጠፈች።»

ኤዲሪን ተነሳች። «የተመለሰው የእኔም አለበት» አለች። «ግን የጨመቅሁት እንደ ወትሮው ነው። እሳቱ ነው የቀነሰው።»

ሴቶቹ ሳቁ። ከሁሉ ቀድሜ የሳቅሁት እኔ ነኝ።

«ምን ሆነ ትይኛለሽ? ራበው?»

«አይሳቁብኝ፣ እማ ኤሎሆ። ያቺን የቦታዬን ካስማ የቸከልኳት አምና ነው። አምና እዚያ ጋ በባዶ እግር መቆም አልችልም ነበር። ዛሬ ጠዋት ቁጭ ብዬ በቆሎ በላሁ።»

«እግርሽ ደንድኖ ነዋ!» አለች አንዷ።

«እግሯ ሳይሆን ፊቷ ነው የደነደነው» አልኩ እኔ። «በአራት ዓመት ኑሮሽ አያቶቻችን ያወቁትን እሳት ልታስተምሪን ነው? በእናትሽ አገር ክብሪት እንኳ ብርቅ አይደለም እንዴ!»

ሴቶቹ እግራቸውን እያነሱ ሳቁ። ኤዲሪን ተቀመጠች።

ፈረድንባት። አንድ ዶሮ፣ ሁለት ጠርሙስ አረቄ፣ የኮላ ፍሬ፣ በዚያ ላይ ሰባት ገበያ ከጉብታው እንድትርቅ። ተንበርክካ ተቀበለች። ዶሮው ማኅበሩ በተሰበሰበበት ተሠርቶ ቀረበ፣ እግሩን ለአፈ ጉባኤዋ ብለው አወጡልኝ፣ በላሁት። ፊት የተናገረን ሰው ይጠላዋል፣ ፊት የበቀለን ወፍ ይበላዋል ይባላል። ወፏ እኔ ነበርኩ።

አሁን የሚያሳፍረኝን ልናገር። ያን ቀን እኔ ቤት፣ ከአልጋዬ ሥር፣ በጆንያ የተሸፈነ ሁለት ሳፋ እርጥብ ክፖክፖ ነበር። የራሴው። ደንበኞቼ ሳያዩት ከገበያ በፊት ነጥዬ ደብቄዋለሁ። ለምን እንዳልደረቀ አላውቅም ነበር፤ ጉልበቴ ደክሞ በደንብ ሳልጨምቀው የቀረሁ መስሎኝ ድንጋይ ጨመርኩ። የሁሉም ሴት ቤት እንዲሁ እንደነበረ የሰማሁት በኋላ ነው። እያንዳንዷ ጥፋቱ የራሷ መስሏት ደብቃለች። እሳቱ ይደክማል ብሎ ማን ያስባል? ተራራ አነሰ ብሎ የሚጠረጥር ማን አለ?

ቅጣቷ አምስተኛው ገበያ ላይ ሲደርስ እሳቱ ጠፋ።

በጠዋት ነው። የቀሰቀሰን ዝምታው ነው። ወጥተን ስንጮህ የራሳችን ድምፅ አስደነገጠን። ወደ አጥሩ ሮጥን። የኩባንያው ዘበኛ ሙዲያጋ በሩ ላይ ወንበሩ ላይ ተቀምጧል።

«ምን ሆነ?» አልኩት።

«ቀስ በይ፣ እሰማለሁ» አለ። «ጉድጓዱ ነጥፏል። መሐንዲሶቹ ሊነጋ ሲል መጥተው ቆልፈውት ሄዱ።»

«እንደ ላም ነው የነጠፈው?»

«እንደ አሮጌ ላም። ከሁለት ዓመት በፊት ጀምሮ እያነሰ ነበር አሉ። ነዳጁም ጋዙም አልቋል።»

«አንተ ታዲያ ምን ትጠብቃለህ?»

«አጥሩን።»

«አጥሩስ ምን ይጠብቃል?»

«እኔን» አለና ኮፍያውን አስተካከለ።

አላመንነውም። ጥገና ሲኖር እሳቱ ሁለት ሦስት ቀን ዝቅ የሚልበት ጊዜ ነበር፤ ይህም እንደዚያ መሰለን። «ይመለሳል፣ ልጡ» አልኩ። እኔ ነኝ ያልኩት። ሠላሳ አራት ሴቶች ለሚቀጥለው ገበያ ካሳቫቸውን ልጠው፣ ፈቅፍቀው፣ ጨምቀው ቁጭ አሉ። በአራተኛው ቀን መንደሩ ሸተተ። ተሸክመን ወንዝ ወስደን ደፋነው፤ ዓሦቹ እንኳ ሸሹት አሉ።

ከዚያ ያልሞከርነው የለም። በማገዶ አደረቅን፤ ክፖክፖው ጠቁሮ ጭስ ጭስ ሸተተ፣ ገበያ ላይ «ካሳቫ ነው ወይስ ዓሣ?» ብለው አላገጡብን። ማገዶውም በሁለት ሳምንት አለቀ፣ ወንዶቹ ምርር አሉ። አስፋልቱ ዳር አሰጣነው፤ ፍየል በላው፣ ሞተር ሳይክል ሄደበት። ከሁሉ የባሰብን ግን ዝናቡ ነው። ሰማይ ማየት አናውቅም ነበር። በየትኛውም አገር ያለ ሕፃን «ይህ ደመና ከቀትር በፊት ይጥላል» የሚለውን ጠዋት፣ እኛ ሽበት ያበቀልን ሴቶች ደስ ብሎን ሰሌን እንዘረጋ ነበር።

በዚህ ሁሉ መሃል ኤዲሪን ገበያ ላይ ነጭ ክፖክፖ ይዛ ትቀርባለች። ትንሽ ነው፣ አንድ ቅርጫት። ግን ሲሰበር ቀጭ ይላል።

እንዳላየ ሆኜ ሄጄ በጓሮዋ አጥር አየሁ። ከጉብታው ባራቅናት ጊዜ የቀርከሃ ምሰሶ አቁማ የላስቲክ ቤት ሠርታለች። ብርሃን የሚያሳልፍ ላስቲክ ከላይ፣ ጥቁር የተቀባ ቆርቆሮ ከታች፣ በመሃል የቀርከሃ አልጋ፣ ከጫፉ ላይ እርጥበቱ የሚወጣበት ቀዳዳ። ያንን በእርሻ ትምህርት ቤቱ ወጥ ስትሠራ በመስኮት ስታይ የኖረችው ነው። ፀሐይ ካለ ሁለት ቀን፣ ደመና ከሆነ አራት ቀን ይፈጃል፣ ግን አይበሰብስም። ችግሩ ጓሮዋ ጠባብ ነው፣ በዚያ ላይ የዘንባባው ጥላ ከቀትር በኋላ ይሸፍነዋል። የእኛ አገር እንዲያ ነው፤ የተከልከው ቀርቶ ያልተከልከው ይበቅልብሃል፣ ጥላ የሌለበት ቦታ አታገኝም። ከአንድ ቦታ በቀር።

እማ ኦሞኒጎ እሳቱ ከጠፋም በኋላ በየጠዋቱ ጉብታው ላይ መውጣት አልተዉም ነበር። በርጩማቸውን ይዘው ይወጣሉ፣ በቀዘቀዘው ጉድጓድ ፊት ይቀመጣሉ፣ ማታ ይወርዳሉ። አንዳንዶቹ ጃጁ አሉ። እኔ ምግብ አደርስላቸው ስለነበር ኤዲሪን የመጣች ቀን አጠገባቸው ነበርኩ። እኔን ዞር ብላም አላየችኝም። ተንበረከከች።

«ሚግዎ፣ እማ።»

«እሳት በሌለበት ቦታ ምን ልታደርጊበት ነው?» አሉ እማ ኦሞኒጎ።

«ፀሐይ አለበት፣ እማ። በመንደሩ ውስጥ ዛፍ የሌለው ይህ ብቻ ነው። ሣርም አይበቅልበትም።»

እማ ኦሞኒጎ ግራና ቀኙን አዩ። እሳቱ ሃምሳ ዓመት ሙሉ የላሰው ቀይ መሬት ነው፣ ከዳር እስከ ዳር ራቁቱን። ከዚያ እጃቸውን ግንባራቸው ላይ አድርገው ወደ ላይ አንጋጠጡ።

«አሁን ገና ልብ አልኩ» አሉ። «እሳቱ ሲያቃጥለኝ፣ ፀሐይዋም ስታቃጥለኝ ኖራለች ለካ። እኔ ሁሉም የእሱ ይመስለኝ ነበር።» ከዚያ «ቭሬንዶ» አሉ። ኤዲሪን ስትነሳ ደግሞ፣ «ስሰጥ ቆርሼ አልሰጥም። ጉብታው ያንቺ ነው። ካሁን በኋላ ቦታ የሚለምን አንቺን ይለምን።»

ምግቡን ያመጣሁበትን ሳህን አንስቼ ወረድኩ።

ኤዲሪን ከባሏና ከሦስት ሴቶች ጋር ሠላሳ እርምጃ የሚረዝም ቤት ጀመረች። ሙዲያጋም፣ «አጥሬን ካልነካችሁ ምንም አላየሁም» አለ፤ ኋላ እንዲያውም ቀርከሃ ሲያቀብል አየነው። እኔ ቤቴ ተቀመጥኩ። መሬት ውስጥ ሦስት ማሳ ካሳቫ አለኝ፤ ካሳቫ ደግሞ ወቅቱ ካለፈ እንጨት ይሆናል። ሌላ ሥራ አላውቅም። ዋሪ ከተማ ያለችው ልጄ ስልክ እየደወለች፣ «ነይና ልጆቼን ጠብቂልኝ፣ እዚያ ምን ትሠሪያለሽ?» ትለኛለች። ሴት ልጅ ቤት ሞግዚት ሆኖ ማርጀት ለሌላው ሰው ደስታ ይሆናል፣ እኔን ግን ሳስበው ያንቀኛል። ቦታ ካገኘሁ እቀራለሁ፣ ካላገኘሁ እሄዳለሁ። ቦታው ደግሞ በኤዲሪን አፍ ነው። ልብሴን ሁለት ጊዜ ሻንጣ ውስጥ ከተትኩ፣ ሁለት ጊዜ አወጣሁ።

ቤቱ ያለቀ ቀን መንደሩ ሁሉ ሊያይ ወጣ። እኔም ሄድኩ፣ ባዶ እጄን፣ ከኋላ ቆምኩ። ኤዲሪን በሩ ላይ ሆና የመጨረሻውን ላስቲክ ታስራለች። ድንገት ሴቶቹ መንገድ ለቀቁ። እማ ኦሞኒጎ ናቸው። ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው። ካሳቫ የሞላ ሳፋ ተሸክመዋል።

ሳፋውን አወረዱ። አንድ እጃቸውን መሬት አስደግፈው፣ መጀመሪያ አንዱን ጉልበት፣ ቀጥሎ ሌላውን፣ ተንበረከኩ።

«ሚግዎ» አሉ።

ኤዲሪን ገመዱን ለቃ ፊት ለፊታቸው ዘፍ አለች። «እማ! ኧረ ምን ማድረግዎ ነው! ይነሱ፣ ሰው ምን ይለኛል?»

«ሕጉ ምን ይላል? የምትለምን ትንበረከካለች አይደል? አማቴ ያወጡትን እኔ ላፍርሰው?»

«እኔ እርስዎን ተነሺ ልል? አፌ ይቆለፋል እንጂ አልልም!»

«እንግዲያው ካሳቫዬ ይሻግታል» አሉ እማ ኦሞኒጎ። «ቶሎ በይ፣ ጉልበቴን አሞኛል።»

ሁለቱም መሬት ላይ ናቸው። ኤዲሪን ፊቷን መሬት አስነክታ በቀጭን ድምፅ «ቭሬንዶ» አለች። በእሳቱ ዘመን ቢሆን ማንም አይሰማትም ነበር። ያን ቀን ሁላችንም ሰማን።

እማ ኦሞኒጎ ግን መነሳት አቃታቸው። ሮጬ ብብታቸው ሥር ገባሁ። ሳነሳቸው ጆሮዬን ሳብ አድርገው አንሾካሾኩ። እማ ኦሞኒጎ ደግሞ ማንሾካሾክ አያውቁም፤ ሃምሳ ዓመት በእሳቱ ፊት የተቀመጠ ሰው ጆሮው እንዴት ይሆናል?

«የዶሮዋን እግር የበላሽው አንቺ አይደለሽም?»

መንደሩ ሁሉ ሰማ። ሙዲያጋ ከአጥሩ ሆኖ ሳቁን በሳል ሸፈነው።

ቤቴ ሄድኩ። ጠዋት የነቀልኩት ካሳቫ ነበር፣ ለማን እንደምነቅለው ሳላውቅ የነቀልኩት። በሳፋ ሞልቼ ተሸክሜ ተመለስኩ። ሰዉ አልሄደም፤ እንደምመለስ አውቀው ሲጠብቁኝ ነበር መሰለኝ። መንገዱ ረዘመብኝ። ኤዲሪን ፊት ስደርስ ሳፋዬን አወረድኩና ተንበረከክሁ።

«ሚግዎ» አልኩ።

ዝም አለች።

«ያን ቀን የእኔም ክፖክፖ እርጥብ ነበር» አልኩ። «ሁለት ሳፋ። ከአልጋዬ ሥር ደብቄ ነው አንቺን ያስቀጣሁሽ።»

አሁንም ዝም አለች። ዝም ካለች ሳፋን ተሸክሞ መመለስ ነው። የዋሪው ሻንጣ ታየኝ። እጄን ወደ ሳፋው ሰደድኩ።

«አውቃለሁ» አለች። «ሽታው እስከ ቤቴ ይመጣ ነበር።»

«ካወቅሽ ለምን አልተናገርሽም?»

«ማን ይሰማኝ ነበር፣ እማ ኤሎሆ?»

 ሳፋውን ወደ እሷ ገፋ አደረግሁት።

«ቭሬንዶ» አለች። «ቦታዎ በሩ አጠገብ ነው።»

በሩ አጠገብ ፀሐይ በመጨረሻ የምትደርስበት፣ ቀድማ የምትለቀው ቦታ ነው። እያንዳንዷ ሴት ታውቀዋለች።

«ሰባት ገበያ እዚያ ይቀመጣሉ» አለች። «ከዚያ በኋላ ወደ መሃል ይገባሉ።»

«ዶሮውስ?» አልኩ።

«ዶሮውንማ እፈልጋለሁ።»

በማግስቱ ከዶሮዎቼ የሰባውን ይዤ ሄድኩ። ከላስቲኩ ቤት ጎን ሠርታው ለሁላችን አቀረበች። እማ ኦሞኒጎ በርጩማቸው ላይ፣ እኛ መሬት ላይ ተቀመጥን። ኤዲሪን ድስቱን ከፍታ ጭልፋዋን አዞረችና እግሩን ፈልጋ አወጣች። የእኔ ሳህን ላይ አኖረችው።

አንስቼ ነከስኩት። ያው እግር ነው፣ ዶሮው ብቻ የራሴ ነው።